ባለ አንድ ዓይኑ ሰውዬ

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ አንድ አምላክ ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። ከእኔ በኋላ ይህን ደብተር የሚገልጥ ሰው ቢኖር የእግዚአብሔር ሰላም ይቅደመው።

ሰኞ፣ ጥር ፲፮፤ ኪዳነ ምሕረት

ሰውየው አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። በሌላው ነገር ሁሉ ሰው ሊከራከረኝ ይችላል፤ በዚህ ግን አይችልም።

ከልጄ ከጽጌ ቤት፣ ጀብራ ከሚባለው ሰፈር አሁን መመለሴ ነው። የጽጌ ልጅ ሰልማ የሥዕል ትምህርቷን ጨርሳ፣ ቅዳሜ ማንሺያ ሰፈር ውስጥ ሲት ነዋል በሚባሉ ባለጸጋ እመቤት ቪላ የመጀመሪያ ትርኢቷን ታሳያለች። ሱዳኑም ሐበሻውም ተጠርቷል። በትልቁ ሥዕል ፊት ቆሜ ስሜቱንና ምሥጢሩን ለሐበሾቹ እንድተረጉም የተመረጥሁት እኔ ነኝ። «ጂዲ፣ አንተ ትርጉም ታውቃለህ። ና እየው፤ ከዚያ ቅዳሜ ለሰው ትነግራለህ» አለችኝ። ጂዲ ማለት በዐረብኛ አያቴ ማለት ነው። «አንተ» ስትለኝ ንቃኝ አይደለም። አባቷ ዑስማን ሱዳናዊ ነው፤ ልጅቱ ያደገችው በዐረብኛ ነው፤ «እርስዎ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በአፏ ሊገባ አልቻለም።

ሥዕሉ ከማቀዝቀዣው ጎን ተደግፎ ቆሟል። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። አንድ ሽማግሌ በገመድ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ሰማያዊ ነው። የሚታየው በጎን ብቻ ነው፦ አንድ ዓይን፣ አንድ ቅንድብ፣ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚሄድ አፍንጫ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ጆሮ። በመዳፉ ድቡልቡል ቢጫ ነገር ይዟል። ከትከሻው አጠገብ ቀጭን መስመር ሽቅብ ወጥቶ ከሥዕሉ ውጭ ይጠፋል። ከበታቹ በሰልማ የተንጋደደ ፊደል «የሚሰማው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

እኔ ደግሞ ያደግሁት ሥዓሊ ባልታጣበት ደብር ነው። የቤተ ክርስቲያንን ሥዕል ሥርዐት ማንም አይነግረኝም። ጻድቅ ሙሉ ፊቱን ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያያል። ኃጥእ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ሄሮድስ በአንድ ዓይን፣ ይሁዳ በአንድ ዓይን፣ ዲያብሎስም በአንድ ዓይን ነው። ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ የትርጓሜ መምህራን እንደሚያደርጉት አንድም እያልሁ ጀመርሁ።

«ይህ ይሁዳ ነው። በመዳፉ ያለው ምንድን ነው ቢሉ፣ ጌታውን የሸጠበት ብር ነው፤ አንድም የዚህ ዓለም ከንቱ ደስታ ነው። መስመሩ ምንድን ነው ቢሉ፣ የታነቀበት ገመድ ነው። ፊቱ ለምን ሰማያዊ ሆነ ቢሉ፣ ትንፋሽ አጥሮት ነው። ጆሮው ለምን ሰፋ ቢሉ፣ ሰምቶ አልተመለሰምና ለወቀሳ ነው። የሚሰማው ምንድን ነው ቢሉ፣ ጸጸት ነው፤ አንድም የሆድ ቁርጠት ነው።»

በዚህ መካከል ጽጌ እግሬን ረገጠችኝ። ሳታውቅ መስሎኝ እግሬን ሰብሰብ አድርጌ ቀጠልሁ። ዑስማን ሳል ያዘው። ሰልማ እስክጨርስ ቆማ ሰማችኝና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ምሥጢሩ ከብዷት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ስወጣ ጽጌ በቀኜ በኩል ሆና ብዙ ነገረችኝ። ቀኝ ጆሮዬ ከደነቈረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እንዳላስከፋት «እሺ ልጄ» አልኋት።

ወደ ሰፈሬ ወደ ካላክላ በሚመለሰው ሃፍላ ሰው በሰው ላይ ነበር። የአውቶቡሱ ጭስ እንዳያጥወለውለኝ እንደ ልማዴ ሎሚዬን እያሸተትሁ ደረስሁ። ለዘመናዊ ሥዕል እንግዳ ነኝ ብዬ እፈራ ነበር፤ ለካስ እበረታበታለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር ፲፯

ዛሬ ጠዋት አቶ ተሰማ ገና ከበሩ ላይ «መሪጌታ ይሁዳ፣ እንዴት አደሩ?» አለኝ።

ተሰማ አብሮኝ ወደ ሱዳን ድንበር የተሻገረ ወዳጄ ነው። በአገሩ የታሪክ መምህር ነበር፤ እዚህ የሰው ቤት ሙከይፍ፣ ያ ውኃ እየጠጣ ቀዝቃዛ አየር የሚሰጠውን ሣጥን፣ እየጠገነ ይኖራል። ቀልዱን ግን ማንም አልጠገነለትም። ጽጌ በስልክ ብትነግረኝ እንደማልሰማት ዐውቃ እርሱን ልካዋለች።

«ሰውየው እኮ እርስዎ ነዎት!»

«የቱ ሰውዬ?»

«ባለ አንድ ዓይኑ! ልጅቱ የሣለችው እርስዎን ነው። አያቷን! እርስዎ ቆመው በገዛ አንገትዎ ገመድ አስገቡበት።»

ክጄ ተከራከርሁ። ገመዱስ? መቋሚያዬ ነው አለ። ብሩስ? «ኪስዎን ይፈትሹ» አለኝ። ኪሴ ውስጥ ሎሚ አለ። አፍንጫውስ? ይህን ስጠይቅ ተሰማ አፍንጫዬን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ለካው። አስተያየቱ ከስድብ የባሰ ነበር።

ከዚያ ሳቁን ትቶ ዋናውን ነገረኝ። ሰልማ ትናንት ማታ ሥዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራዋለች። ለሲት ነዋልም ቅዳሜ አልመጣም ብላ ልካለች። ትርኢቱ የተሰናዳው በዚህ ሥዕል ዙሪያ ነው፤ ዋናው ግድግዳ ለእርሱ ብቻ ተለቅቋል። እርሱ ከቀረ ሌሎቹም አይሰቀሉም። የልጅቱ የዓመታት ልፋት በእኔ አንድም ሊቀር ነው።

ተሰማ ሲሄድ «እስከ ቅዳሜ ያስተካክሉት፤ ካልሆነ ስሙ ይጸናብዎታል» አለኝ። ስሙ ግን ጸንቷል። ከሰዓት በኋላ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ባለ ሱቁ፣ እርሱም የእኛው ሰው ነው፣ መልሱን ሲሰጠኝ «ሠላሳ ብር ነው፣ መሪጌታ?» ብሎ ሳቀ።

ረቡዕ፣ ጥር ፲፰

ሰው ራሱን በጎን እንደማያየው ዛሬ ተማርሁ። በዚህ ዕድሜዬ!

ቤቴ ያለው መስተዋት ትንሽ ነው። ዞር ስል ዓይኔ አብሮኝ ይዞራል፤ አፍንጫዬ ከመስተዋቱ ይወጣል። ስለዚህ በፊትም በኋላም መስተዋት ወዳለው ወደ ገበያው ሐላቅ፣ ወደ ጸጉር አስተካካዩ ሄድሁ። ተቀመጥሁና ቀኝ ዞርሁ። ግራ ዞርሁ። ቅንድቤን አነሣሁ። ሰውየው ምላጩን ይዞ ሲጠብቀኝ ቆየና፣ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ ሐጅ፣ ዐሩስ አለች እንዴ?» ብሎ በዐረብኛ ጠየቀኝ። ሙሽራ ላገባ ነው ብሎ ነው። ጢሜን ሒና ልቀባልህ ብሎም ዕቃውን አወጣ። አይደለም፣ አፍንጫዬን ለማየት ነው የመጣሁት ብዬ ብነግረው ጭራሽ አዘነልኝ።

አየሁት። እኔው ነኝ። አፍንጫው ምንም አልተጨመረበትም። ጆሮው እንኳ የተጋነነው በጥቂቱ ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሰልማ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን ከልጅነቷ ጀምሮ ከእኔ ጋር ሆና አይታለች። የአንድ ዓይንን ነገር ነግሬያታለሁ። ዐውቃ ነውን? ከኃጥኣን ወገን ቈጥራኝ ነውን? ጾም ባይሆን እንኳ ዛሬ ምሳ አይወርድልኝም ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር ፲፱፤ ገብርኤል

ማልጄ አስቀድሼ፣ ከሱቅ ባስታ የሚሉትን ጣፋጭ አስጠቅልዬ ጀብራ ሄድሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር አሳቤ። ጠየቅሁም። ነገር ግን ይቅርታዬን ሳልጨርስ ምላሴ አመለጠኝና «አንዲት ዓይን ብቻ ብትጨምሪልኝ ሁሉ ይስተካከላል» አልኋት።

ሰልማ ባስታውን ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። አልከፈተችውም።

«አይሆንም ጂዲ። ዓይን ጨመርኩ፣ ሰውዬ ሌላ ሰው ሆነ።»

«ይቅርታ ጠይቄሻለሁ እኮ።»

«አንተ ብዙ ትርጉም ተናገርክ። አንድ ጥያቄ አልጠየቅክም።»

ይህ አማርኛ ስሕተት አልነበረበትም። ባገኝበት ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ቢቸግረኝ ጠየቅኋት፤ ሙሉ ፊቴን ለምን አልሣልሽም አልኋት። ሰልማ ጥቂት አሰበችና «እኔ ሙሉ ፊትህን አላውቀውም» አለችኝ።

አላውቀውም! ፊደል ያስቈጠርኋት፣ ትኩሳት ሲይዛት ዳዊት የደገምሁላት፣ እኔን! ጽጌ ሻይ አፍልታ ይዛ ስትመጣ እኔ ጫማዬን እያጠለቅሁ ነበር። «አባባ፣ እባክዎ ይቀመጡ፤ ልጅ ናት» አለችኝ። ጫማዬን ግራና ቀኝ አለዋውጬ እንዳጠለቅሁ ያወቅሁት ከሃፍላው ላይ ነው። ኮምሳሪው፣ ሒሳብ ሰብሳቢው ልጅ፣ በጣቱ ሲያሳየኝ።

ሥዕሉ አሁንም ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው። ሲት ነዋል ሁለት ጊዜ ደውለዋል። ሰልማ አላነሣችም።

ዓርብ፣ ጥር ፳

ዑስማን ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነጭ ጀለቢያውን እንደ ለበሰ መጣ። እኔ ከቤቱ ሰዎች ጋር ስኰራረፍ ሁልጊዜ የሚላከው እርሱ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። «ያ ዓሚ» ይለኛል፤ በእነርሱ ዘንድ የአማት ክብር ነው።

በግቢዬ፣ ከሰማያዊው ሸራ ጥላ ሥር፣ ዐንገሬብ በምንለው የገመድ አልጋ ላይ በቀኜ በኩል ተቀመጠና መናገር ጀመረ። እንድሰማው ፊቴን ወደ ማዶ አዙሬ ግራ ጆሮዬን ሰጠሁት። የተቈጣሁ መስሎት ተነሥቶ ፊት ለፊቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እንደ ገና ዞርሁ። በግራዬ ሊመጣ ሲነሣ እኔ ደግሞ ልረዳው ብዬ በተቃራኒው ዞርሁ። ሁለት ሽማግሎች በአንድ አልጋ ዙሪያ እንዲህ ስንዞር ጥቂት ቆየን።

ዑስማን ድንገት ሳቀ። «ዋላሂ አትንቀሳቀስ፣ ያ ዓሚ!» ብሎ ስልኩን አወጣና ፎቶ አነሣኝ። አሳየኝ።

ሥዕሉ ነው። ሸራው ፊቴን ሰማያዊ አድርጎታል። ጆሮዬ ወደ ሰው፣ ዓይኔ ወደ አጥሩ።

«ሰልማን ስትሰማ ሁሌ እንዲህ ነህ። ሕፃን ሆና እዚህ አልጋ ላይ አማርኛ ስትናገር ልጆቹ ይስቁባት ነበር። አንተ ዞር ትላለህ፣ ኡዝንህን፣ ጆሮህን፣ ትሰጣታለህ፣ ኻላስ፣ በቃ፣ እስክትጨርስ ዝም። ቤት ስትመጣ ጂዲ ብቻ ይሰማኛል ትለኝ ነበር።» ከዚያም የሥዕሉ ስም መጀመሪያ በዐረብኛ «ሳሚዕ» እንደ ነበር፣ ለሐበሾቹ ስትል ራሷ ወደ አማርኛ እንደ መለሰችው ነገረኝ።

ሳሚዕ! ሰምዐ፣ ሰማ። በግዕዙም በዐረብኛውም አንድ ግሥ ነው። «የሚሰማው» ብላ የጻፈችው በልቡ ጸጸት የሚሰማው ማለቷ አልነበረም፤ ሰው ሲናገር የሚሰማው፣ አድማጩ ማለቷ ነበር። ግሥ ሲያስቈጥር የኖረ ሰው ይህን እንዴት ይስታል? ሙሉ ፊቴን ከየት ታውቀዋለች? እርሷ በተናገረች ቍጥር እኔ ዞሬ ነበር።

ለደብተሬ ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቹ ሲስቁባት እኔ ያልሳቅሁት ግማሹ ስላልተሰማኝ ነው። ይህን ለዑስማን አልነገርሁትም።

አብረን ጀብራ ሄድን። ሰልማ ብሩሽ እያጠበች ነበር። እነርሱ ቤትም ዐንገሬብ አለ፤ ጫፉ ላይ ተቀመጥሁ፤ ዞርሁ፤ ግራ ጆሮዬን ሰጠሁና «ንገሪኝ» አልኋት። ብሩሿን አስቀመጠች። ከዚያ ነገረችኝ። ስለ ሸራው ሰማያዊ። ሎሚው ለእርሷ የእኔ ሽታ እንደ ሆነ። መቋሚያው ከሥዕሉ የወጣው ቁመቱን ሸራው ስላልቻለው እንደ ሆነ። ስለ አንድ ዓይንም ጠየቅኋት፤ የነገርኋትን ታስታውሳለች። «ታዲያ አልፈራሽም?» አልኋት። «ጂዲ፣ ያ ዓይን ነው። እኔ ጆሮ ሣልኩ» አለችኝ።

እስክትጨርስ አንድም አላልሁም። አፌ ግን ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ነበር።

ነገ ትመጪያለሽ ወይ ስላት «ኢንሻአላህ» አለች። በዚህ አገር ኢንሻአላህ አዎን ሊሆን ይችላል፤ አይሆንምም ሊሆን ይችላል። ባስታው ግን ተከፍቷል። ከዳር ሁለቱ ጐድለዋል።

ቅዳሜ፣ ጥር ፳፩፤ አስተርእዮ ማርያም

ከቅዳሴ እንደ ወጣን ተሰማና እኔ ነጭ ለብሰን ወደ ማንሺያ ተነሣን። ሰልፈኞች መንገዱን በጎማና በድንጋይ ዘግተውት ነበርና ከፊሉን በእግር ሄድን። ተሰማ መንገዱን ሙሉ «ካልመጣች የሚተረጉሙት ባዶ ግድግዳ ነው፤ አንድም ነጭ ቀለም ነው ይሉናል» እያለ አደረቀኝ።

ቪላው ደረስን። ግድግዳው ባዶ ነው።

ሲት ነዋል በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። እንግዳው ብርጭቆ ይዞ ይንሸራሸራል። ማርያምን በልቤ እየተማጠንሁ ሳለ ከውጭ የባለ ሦስት ጎማው የረክሻ ጥሩንባ ጮኸ። ስንወጣ ዑስማን በረክሻ ላይ ተንጠልጥሎ ሥዕሉን አቅፎታል፤ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ! ከጀብራ እስከ ማንሺያ ያለ ሰው ሁሉ አፍንጫዬን አይቶታል። ሰልማ ከኋላ ተቀምጣ እንዳይወድቅ የአባቷን እግር ይዛለች። ስታየኝ አልሳቀችም፤ ግን «ጂዲ፣ ያላ፣ ያዝ!» አለችኝ። ያዝሁ። ስንሰቅለው ጣቴ ከመዶሻው በታች ገባ። በበዓል ቀን የማይነገር ቃል ሊወጣኝ ነበር፤ ዋጥሁት።

ጊዜው ሲደርስ ሐበሾቹ ተሰበሰቡ። የይሁዳን ወሬ ያልሰማ አልነበረም፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ይጠብቁኛል። አንዲት ወርቅ የበዛባት እመቤት «አባታችን፣ ሁለተኛ ዓይኑን ምን ነክቶት ነው?» አለችኝ።

«ምንም አልነካውም፤ በወዲያ በኩል አለ» አልሁ። «ይህ ሽማግሌ አንድ ጆሮው ደንቁሯል። የሚወደው ሰው ሲያናግረው ደኅናውን ጆሮ ይሰጣል፤ ደኅናውን ጆሮ ሲሰጥ ፊቱ ይዞራል። ጻድቅ ነው አልላችሁም፤ አለመሆኑን ከእናንተ ይልቅ እኔ ዐውቃለሁ። ነገር ግን እየሰማ ነው። ስሜት የሚለው ቃል የወጣው መስማት ከሚለው ነውና የሥዕሉን ስሜት የጠየቃችሁኝ እንደ ሆነ፣ ስሜቱ መስማት ነው። የቀረውን ሥዓሊዋን ጠይቋት፤ አማርኛዋን አትቸኵሉባት።»

ያላንድ አንድም ጨረስሁ። ተሰማ ከኋላ ሆኖ «መሪጌታ አጠሩ! ጤናዎት ነው?» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እመቤቲቱ ወደ ሰልማ ዞራ ጠየቀቻት። ሰልማ በዚያ በሚንገዳገድ አማርኛዋ መመለስ ጀመረች፤ ቃል ሲጠፋት ወደ እኔ ታያለች። የሚሳቅበት ነገር አልጠፋም ነበር። ማንም አልሳቀም።

ምን ያህል እንደ ተናገረች አላውቅም። እኔ ዞሬ ነበር።

እሑድ፣ ጥር ፳፪

ከቅዳሴ ስመለስ ሰልማ ሌላ ሸራ ወጥራ በግቢዬ ጠበቀችኝ። ዛሬ ሙሉ ፊትህን፣ ሁለት ዓይንህን ነው የምሥለው አለችኝ። የሰማሁት እስከዚህ ድረስ ነው። ፊት ለፊቷ ቀጥ ብዬ ስቀመጥ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ቃሉ አይደርሰኝም። እየሣለች ደግሞ ታወራለች። ልሰማት ዞር እላለሁ። «ጂዲ! ወደ እኔ!» ትላለች፤ ይህን ጎረቤትም ሰምቶታል። እመለሳለሁ። እንደ ገና ታወራለች። እንደ ገና እዞራለሁ። እስከ ምሳ ድረስ አንድ አገጭና ግማሽ ቅንድብ ብቻ ተሣለ።

ተሰማ አጥር ላይ ተደግፎ ሲያየን ቆይቶ «ከጻድቃን ማኅበር ሊገቡ ነው፣ ይታገሡ እንጂ» አለኝ። ልቤ ከሁለት ተከፍሏል። ሁለት ዓይን ላገኝ ብል ወሬዋን አጣለሁ፤ ወሬዋን ልሰማ ብል ከሄሮድስ ጋር በጎን እቀራለሁ። ለማክሰኞ ቀጥራኛለች፤ እስከዚያ አልቈረጥሁም። ስትሄድ በበሩ ላይ አንድ ነገር ተናገረች፤ በቀኜ በኩል ነበረችና አልሰማሁትም። ዛሬ ግን «እሺ» አላልሁም። ጠራኋት፤ ዞርሁ፤ ደግመሽ ንገሪኝ አልኋት። «ማክሰኞ ሎሚህን አትርሳ» ነው ያለችው።

ይህን ያነበብህ ሁሉ፣ የቤትህን ሰው ቃል የሚሰማ ጆሮ እግዚአብሔር አይንሣህ። ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ደጃፍህን በሰላም ይጠብቅልህ፤ ዓይንህንም አንድም ሁለትም ቢሆን ያብራልህ። አሜን።